«ቲቸሯ ራሷ አታውቀውም!»

ከክፍል እንደወጣሁ ነው የምጽፈው። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል።

አለቃችን ዛሬም መጣ። 12ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ሳስተምር ሳያንኳኳ ዘው አለና ሰሌዳዬን ገላመጠው። «ሲግኒፊካንት? ይሄ የሕፃን ቃል ነው እኮ!» አለ። ቀጥሎ ያቺን የብርቅ ቃላት ዝርዝር ፎቶ ኮፒ ከኪሱ መዘዘ። አንዱን ልጅ አስነስቶ፣ «ኦብፉስካቴ ማለት ምንድነው?» ልጁ እኔን አየ። እኔ ልጁን አየሁ። «እሺ ቲቸር፣ አንቺ ንገሪው!» ምኑን ልንገረው? «ወረቀቱን ያሳዩኝ» ስለው፣ «ቲቸሯ ራሷ አታውቀውም!» ብሎ ሳቀ። ክፍሉ በሙሉ አብሮት ተንከተከተ። ለካ ኦብፈስኬት (ነገሩን ማድበስበስ) ለማለት ነው። ቃሉ ራሱ እዚያ ቢኖር «አቤት» አይልም ነበር!

እሱ እቴ ደግሞ ለሰው አነባበብ ያርማል።

ዝርዝሩ ከአሜሪካኖቹ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና፣ ከኤስኤቲ የድሮ ማጥኛ የተገለበጠ ነው። እነሱ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2016 ፈተናውን ሲከልሱ እንዲህ ያሉትን ብርቅ ቃላት ትተዋቸዋል። የኛው ሰውዬ ግን በቀን 30 ቃል ሸምድዱ ይላል። ማታ ይሸመደዳል፣ ጠዋት ይረሳል፣ አለቀ!

ልጆቼን ያቃታቸው እኮ ብርቁ ቃል አይደለም። ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ነው። አሲዩም፣ ዲራይቭ፣ ኢንፈር የሚሉት በየትምህርቱ የሚመላለሱ ቃላት ላይ ነው ጥያቄው የሚጠፋባቸው። ኮክስሄድ የምትባል ምሁር እ.ኤ.አ. በ2000 ለትምህርት የሚያስፈልጉትን 570 የቃላት ቤተሰቦች (አንድ ቃል ከነእርባታው) ለቅማ አስቀምጣለች። እነሱን ባስጨርስ ስንቱ ልጅ በዳነ! ግን ቃል ደጋግመው ካላነበቡት፣ ካልጻፉበት፣ ተሳስተው ካልታረሙበት አይያዝም። በምን ያንብቡ? መጽሐፉ ለሦስት አንድ ነው። ላይብረሪው ተቆልፏል። ቁልፉ ንብረት ክፍሉ ጋ ነው፣ ንብረት ክፍሉ ስብሰባ ላይ ነው። አምና «ቅዳሜ ቅዳሜ ይከፈትልን» ብዬ ማመልከቻ ሳስገባ ምን ተባልኩ? «የጥበቃውን አበል አንቺ ትከፍያለሽ?»

ደግሞ ውጤት ሲመጣ ተጠያቂዋ እኔ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር ደረጃ 50 ከመቶና በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። ያኔም ስብሰባ ላይ ሁሉም ዞሮ የእንግሊዝኛ መምህራንን ነው ያፈጠጠብን። የሒሳቦቹ እንኳ አላዘኑልንም።

ለሰኞ ከዚያው ዝርዝር ፈተና አውጪ ተብያለሁ። አወጣለሁ፣ ምን አማራጭ አለኝ? ማረሚያውን ቀይ እስክሪብቶ እንኳ ከኪሴ ነው የምገዛው።