የጀበና ችሎት

ፍርድ ይፍጠን፣ የፍትሕ ሥርዓቱ ይሻሻል እያለ የሚጮኽ ሁሉ አንድ ከሰዓት ደሴ ይምጣና እኛ ሰፈር ቡና ይጠጣ። እኛ ጋ ነገሩ ከተፈታ ቆይቷል። አቦል ላይ ክስ ይመሠረታል። ቶና ላይ ምስክር ይሰማል። በረካ ላይ ይፈረዳል። ይግባኝ የለም፤ አተላው ተደፍቶ ጀበናው ታጥቧል።

ሕጋችን አንድ አንቀጽ ብቻ ነው። እናንተም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። «ዝም ብሎ አይታሰርም።»

አቤት አንቀጽ! አስተማሪ ቢታሰር ይሠራል። የባጃጅ ሾፌር ቢታሰር ይሠራል። ትናንት አብሮን እዚሁ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ በረካ የጠጣ ሰው ቢታሰርም ይሠራል። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» የተባለው ሁሉንም ስለሚያስተናግድ ነው ይባላል። የእኛም ችሎት አይጠየፍ ነው። ያመጡለትን ሰው ሁሉ ይበላል።

የበጉን ነገር ግን ካልተናገርኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ልጁ የሰፈራችን ልጅ ነው። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ለአረፋ ብሎ ከሰኞ ገበያ በግ ገዝቶ እየጎተተ ሲመጣ ፖሊሶች መንገድ ላይ አስቆሙት። «ደረሰኝ?» አሉት። የበግ ደረሰኝ! የሸጠለት ገበሬ ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጥሮ፣ ጋቢው ጫፍ ላይ ቋጥሮ፣ የኩታበርን መንገድ ከያዘ ቆይቷል። ለካ በዚያው ቀን አንድ ሰው በግ ጠፋብኝ ብሎ አመልክቷል። የጠፋው ጥቁር ነው። ልጁ የያዘው ቀይ ቦቃ ነው። ይሁን፣ ይጣራል ተባለ። ልጁ ገባ። በጉም በኤግዚቢትነት ገባ።

ወሬው እኛ ጋ የደረሰው አቦል ሲቀዳ ነው። ቡና የምትቀዳዋ «ኧረ እሱ ጨዋ ልጅ ነው» አለች። «ጨዋ መሳይ!» አላት አንዱ። ቶና ላይ የቀለሙ ጉዳይ ተነሣ። ጥቁር በግ እንዴት ቀይ ሆነ? ይህ ለእኛ ችሎት ቀላል ነው። «ሂና ቀብቶት ነዋ!» ቦቃውስ? «ቦቃውን በኖራ።» ሌላዋ ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ አዲስ ጫማ አድርጎ አይቼዋለሁ ብላ መሰከረች። በረካ ላይ ልጁ ከሐረጎ ቁልቁለት እስከ ኮምቦልቻ የተዘረጋ የበግ ሌቦች ቡድን መሪ ነበር። ሦስት ሲኒ ቡና ነው እንግዲህ። ፈንዲሻው እንኳ አላለቀም።

እናቱ ጠዋት ጠዋት ከቤት ሲወጡ አያቸዋለሁ። በአንድ እጃቸው ምሳ ዕቃ፣ በሌላው አንድ እቅፍ ሣር። ምሳ ዕቃው ለልጁ ነው። ሣሩ ለበጉ። በር ላይ ሽሮው በማንኪያ ተማስሎ ይፈተሻል። ሣሩም መሬት ላይ ተበትኖ ይፈተሻል። በሣር መሐል ለበግ ምን ይላክለታል? ስልክ?

እውነቱን ለመናገር በጉ ከልጁ በብዙ ይሻል ነበር። የታሰረው ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ስለሆነ ፀሐይ ያገኛል። «እመን!» ብሎ የጮኸበት የለም። ዝም የማለት መብት የሚባለውን ነገር በዚያ ግቢ ውስጥ በሙሉ ልብ የተጠቀመበት እሱ ብቻ ነው፤ ያውም ቀን ቀን። ሌሊት ሌሊት ይጮኻል አሉ። ያንን የእምነት ክህደት ቃሉ ነው ብለው መዝግበውት እንደሆነ እንጃ። አንድ ጊዜ ገመዱን በጥሶ ወጥቶ አትክልቱን ሲበላ ተይዟል። ይህ እንግዲህ ዋስትና የሚያስከለክል ነው። ከወጣ ዳግም ወንጀል እንደሚሠራ አሳይቷላ።

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል የሚለው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት፣ አንቀጽ 19፣ አለ። አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በጃንሆይ ጊዜ የወጣው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ይኼንኑ ይላል። ከ48ቱ የማይቆጠረው ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ደሴ ውስጥ! በባጃጅ፣ ያውም መንገዱ ተዘግቶ፣ ሾፌሩ ለሻይ ወርዶ ስንት ደቂቃ ነው? ልጁ ሰኞ ቀትር ገባ፣ ሐሙስ ጠዋት ወጣ። ዳኛ የሚባል አላየም። መቼም ከጦሳ ተራራ ማዶ በእግሩ እየወሰዱት ይሆናል።

በዚህ መሐል እናቱ ዋስ ፍለጋ በየቤቱ ዞሩ። ደመወዝተኛው ጎረቤታችን ደብዳቤ የሚጽፍልኝ አለቃ ስብሰባ ገብቷል አላቸው። የቤት ካርታ ያላቸው ሰውዬ ካርታው ዘመድ ጋ ነው አሉ። እኔ መታወቂያዬ ጊዜው አልፎበታል አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ አልፎበታል። ባያልፍበትም ሌላ ነገር አላጣም ነበር። አንዱ የሰፈር ጋዜጠኛ ደግሞ ልጁን ከነበጉ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። «እጅ ከፍንጅ» ብሎበታል። የበጉም ፊት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ድሮ ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር። ሻይ ማለት እዚህ ላይ ፈላጊ ነው እንጂ የሚጠጣው አይደለም። አንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ይለቁታል። እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። በልጅ ኢያሱ ዘመን እንዲቀር ተደረገ ይባላል፤ የኛው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ናቸው። ታዲያ ሌባ ሻይ ሲቀር ባዶ እጃችንን አልቀረንም። ሌባ ቡና አለን። የድሮው ቢያንስ የሚንገዳገደው አንድ ልጅ ብቻ ነበር።

ረቡዕ ማታ ጥቁሩ በግ ተገኘ። ከሌላ ሰው በጎች ጋር ተቀላቅሎ ሲግጥ ከርሟል። ሐሙስ ጠዋት ልጁን «በቃ ሂድ» አሉት። ወረቀት የለ፣ ይቅርታ የለ።

ሦስት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ ተኝቷል። በቀን ሥራ የሚያድር ልጅ ነው። ሲመለስ ቦታው ሌላ ሰው ተቀጥሮበታል፤ አሠሪው ያንኑ የእኛን አንቀጽ ጠቀሰለት። ሰውን ያለ ሕግ የሚያስር ባለሥልጣን ራሱ ወንጀለኛ ነው ይላል የወንጀል ሕጉ፣ አንቀጽ 423። ማን ጠየቀው? ማን ይጠይቀዋል? ያሰረው ሰው ማስረጃ መፈለግ እንኳ አላስፈለገውም፤ ሂናውንም፣ ኖራውንም፣ አዲሱን ጫማም እኛ ቁጭ ብለን ፈጠርንለት። በነፃ። አንዲት እናት ሣር ተሸክማ ስትመላለስ በመስኮት እያየን ስኳር ጨመርን። እኔም ቶናው ላይ ነበርኩ። ስለ ሂናው ሲወራ ስቄያለሁ።

ልጁ ሲፈታ ችሎታችን እንደገና ተሰየመ። ነፃ ወጣ ማለት ይቀራል፤ «ስንት ከፍሎ ወጣ?» ነው የሚባለው። አንዱ አምስት ሺህ አለ። ሌላው በጉን ሰጥቶ ነው አለ። በጉ ግን በዚያች ሰዓት የልጁ ቤት በር ላይ ታስሮ ሣር ይበላ ነበር። ከበርጩማው ላይ ሆኖ ለሚያይ ሁሉ ይታያል። ያው የለመደውን ሣር።

አረፋ ዕለት ታረደ። እናቱ ሰፈሩን በሙሉ ጠሩ፤ ዋስ ያልሆንነውን በሙሉ። አንድም የቀረ የለም። ልጁ ለእንግዳ እጅ ያስታጥባል። ከእኔ ቀጥሎ የተቀመጠው፣ ያ የሂናው ሰውዬ፣ አጥንት እየመጠጠ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ሥጋውስ ይጣፍጣል» አለኝ። «ግን እኮ ዝም ብሎ አይታሰርም።»

እናቱ መረቅ ይዘው ከጎናችን ቆመዋል። «ልጨምርልህ?» አሉት።

ሳህኑን ዘረጋ።