ዴሞ ላይ ሚሊየነር ነበርኩ

ትሬዲንግ፣ ማለትም ወርቅና የውጭ ገንዘብ በስልክ ገዝቶ መሸጥ ጀምሬ ነበር። ሰው ሁሉ "ትሬዲንግ ማለት ሳይኮሎጂ ነው" ይላል፣ እኔም እላለሁ፣ ግን ሳይኮሎጂው ስንት ደረጃ እንዳለውና በየደረጃው ስንት እንደሚያስከፍል ቀድሞ የነገረኝ የለም።

መጀመሪያ ዴሞ አለ። የውሸት 10,000 ዶላር ይሰጡሃል፣ እኔ በአንድ ሳምንት 31,000 አደረስኩት። እሱን በብር አባዝቼ፣ በወር አባዝቼ፣ ካፌ ቁጭ ብለን መኪና መምረጥ ጀመርን። ጓደኛዬ ነጭ ይሻላል አለ፣ እኔ ነጭ ቆሻሻ ያሳያል አልኩ፣ ልንጣላ ምንም አልቀረንም። የማኪያቶውን እሱ ነው የከፈለው።

ከዚያ እውነተኛው መጣ፣ 100 ዶላር። ከየት እንዳመጣሁት እማዬ እንዳታነበው እዘለዋለሁ። ሌቨሬጁ 1 ለ 500 ነው፣ በ100 ዶላር 50,000 ታንቀሳቅሳለህ ማለት ነው። አውሮፓ ውስጥ ተቆጣጣሪው በፈረንጅ 2018 ተራውን ሰው ዋና ዋና ከረንሲ ላይ ከ1 ለ 30 እንዳያልፍ ሲከለክለው ምክንያቱ ከ100 አካውንት ከ74 እስከ 89ኙ ስለሚከስር ነው። አንብቤዋለሁ። አንብቤ ምን አልኩ? በቃ እኔ ከ11ዱ ነኝ አልኩ።

ጎልድ (ወርቅ) በ0.10 ሎት ገባሁ፣ ሎት የትሬድ መጠን መለኪያ ነው። የሚያውቅ እዚህ ጋ ይስቃል፣ ለማያውቅ ግን የወርቅ ዋጋ 1 ዶላር ሲንቀሳቀስ እኔ 10 ዶላር አገኛለሁ ወይ አጣለሁ፣ 10 ዶላር ከሄደብኝ አለቀልኝ። ቀኑ የወሩ መጀመሪያ ዓርብ ነበር፣ የአሜሪካ የስራ ቅጥር ሪፖርት የሚወጣበት፣ በክረምት በኛ ከቀኑ 9:30 ላይ። 9:29 ላይ 14 ዶላር ትርፍ ላይ ስለነበርኩ እማዬን "ዛሬ እራት በኔ ነው" አልኳት፣ "ዓርብ ነው፣ ስጋ ይዘህ እንዳትመጣ" አለችኝ። 9:30 ሲል ካንድሉ፣ ቻርት ላይ ዋጋውን የሚያሳየው ዘንግ፣ አንዴ ወደ ላይ ዘለለ፣ ከዚያ ቁልቁል፣ ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ፣ ሲመለስ አካውንቴ ላይ የቀረው 3 ዶላር ከ12 ሳንቲም። ሽሮ በላን።

ቀጥሎ ያለውን ደረጃ ፈረንጆቹ ሪቬንጅ ትሬድ ይሉታል፣ እኛ ደግሞ ብድር ሳንመልስ እንቅልፍ የማይወስደን ሰዎች ነንና እዚህ ደረጃ ላይ ብዙ እንቆያለን። ሌላ ብር አስገባሁ፣ ወርቅን ደመኛ አድርጌ ያዝኩት። የወርቅ ደመኛ ያለው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሌሊት 7 ሰዓት ላይ እማዬ ስልኬ ላይ አፍጥጬ አገኘችኝ፣ ምን እያየህ ነው ስትል ካንድል አልኳት፣ "ልጄ፣ መብራት እኮ አለ" ብላ ተመልሳ ተኛች።

ኒውዮርክ ያለ ትልቅ ባንክ የኔን 40 ዶላር ለመብላት ስብሰባ እንደተቀመጠ ያመንኩትም ያኔ ነው። ስቶፕ ሎሴን፣ ኪሳራው ሳይብስ ትሬዱ በራሱ እንዲዘጋ ያስቀመጥኩትን ዋጋ፣ ነክቶ ነው እኮ የሚመለሰው! ስለዚህ መፍትሄው ስቶፕ ሎስ አለማድረግ ነው ብዬ ወሰንኩ። ሰፈራችን ጉሊት የሚሸጡት እትዬ 11 ሰዓት ሲሆን የለሰለሰውን ቲማቲም ለይተው መደቡን ከ30 ወደ 20 ያወርዱታል፣ ነገ መልሶ ይጠነክራል ብለው አያሳድሩትም። እኔ የበሰበሰ ትሬድ ይዤ ሶስት ቀን አድሬያለሁ፣ በጸሎት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ አንድ ዶላር ባንክ ላይ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ሲያልፍ ግን አካውንቴ በዶላር ግማሽ ቢሆንም በባንክ ዋጋ ወደ ብር ሲሰላ ያው ሆኖ ተገኘ፣ እስከዛሬ የሰራሁት ምርጥ ትሬድ እሱ ነው።

ግዛ፣ ሽጥ እያሉ የሚጠቁሙበት ሲግናል ግሩፕም ገብቼ ነበር፣ አድሚኑ በኪራይ መኪና ፎቶ ይነሳል፣ ይሄው ነው።

አሁን የደረስኩበት ዝምታ ላይ ነው። 0.01 ሎት፣ አንድ ደብተር፣ በቀን አንድ ትሬድ ወይ ምንም። ጠዋት 4 ሰዓት ሎንዶን ሲከፈት ቁጭ እላለሁ፣ እስኪመሽ እጠብቃለሁ፣ የምፈልገው ዋጋ ካልመጣ አልገባም። ይሄ ነው ብስለት የሚባለው፣ ችግሩ ከውጭ ሲታይ ስራ ከፈታ ሰው ጋር ልዩነት የለውም። ሰፈር ድንጋይ ላይ ቀኑን ሙሉ ምንም ሳናደርግ እንውል የነበረው ለካ ፕሮፌሽናሎች ነበርን፣ እኔ ነኝ ያንን ትቼ ሄጄ ከፍዬ የተማርኩት።

ትናንት እማዬ "ዛሬስ ምን ሰራህ?" አለችኝ።
"ዛሬ አልገባሁም፣ ታገስኩ።"
"ትናንትስ?"
"ትናንትም።"
"እንግዲህ ከታገስክ አይቀር ይሄን ሽንኩርት ክተፍልኝ።"

በአንድ ዓይኔ ቻርት በአንድ ዓይኔ ሽንኩርት እያየሁ እህቴ ከስራ ገባች፣ እንባዬን አየችና ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ "ዛሬም ተበላህ?"
"ኧረ ሽንኩርት ነው።"
"ሽንኩርትም ጀመርክ?!"
የሽንኩርት ፊውቸርስ፣ ማለትም ወደፊት የሚረከቡትን ሽንኩርት ዛሬ በተቆረጠ ዋጋ መገበያየት፣ አሜሪካ ውስጥ ከ1958 ጀምሮ በህግ የተከለከለ መሆኑን ላስረዳት ስጀምር እማዬ ቢላውን ከእጄ ተቀበለችኝ፣ "ተወው፣ ወፍራም ነው የከተፍከው።"