ካፒቴን ኔሞ በፊልሙ ውስጥ ያጣው አገር

በመጽሐፍ የወደድነውን የጀብዱ ታሪክ በፊልም ስናይ ብዙዎቻችን ወዲያውኑ የጎደለውን መቁጠር እንጀምራለን። ይህ ቆጠራ ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ለቀናት የሚነበብ ልብ ወለድ በሁለት ሰዓት እንዲያልቅ ሲፈለግ መቀነሱ ግድ ነውና። ይልቅስ መጠየቅ ያለበት በተቀነሰው ቦታ ምን ተተካ የሚለው ነው። ዋልት ዲዝኒ ከፈረንሳዊው ደራሲ ዡል ቬርን ልብ ወለድ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1954 ያቀረበውና ሪቻርድ ፍሌሸር ዳይሬክት ያደረገው «ሃያ ሺህ ሊግ ከባሕር በታች» ለዚህ ጥያቄ ከማውቃቸው ፊልሞች ሁሉ የተሻለ ማሳያ ነው።

ፊልሙ ዛሬም ዓይን ይይዛል። ናውቲለስ የተባለችው ሰርጓጅ መርከብ ጥርሳም ጀርባዋንና የሚያበሩ ዓይኖቿን ይዛ ከጨለማው ስትወጣ፣ መርከበኞቹ ለምን አውሬ እንዳሏት ያለ ማብራሪያ ይገባል። ከግዙፉ ስኩዊድ ጋር የሚደረገው ፍልሚያ መጀመሪያ የተቀረጸው በረጋ ባሕርና በፀሐይ መጥለቂያ ብርሃን ነበር፤ አሻንጉሊትነቱ ስላሳበቀ ግን ያ ሁሉ ሥራ ተጥሎ ትዕይንቱ በሌሊትና በማዕበል መካከል እንደገና ተቀረጸ። ፊልሙ በልዩ ትዕይንት ቅንብርና በሥነ ጥበብ ዝግጅት ሁለት ኦስካሮችን ማግኘቱ አያስገርምም።

ጥያቄዬ ያለው የናውቲለስ ካፒቴን በሆነው በኔሞ ላይ ነው። የዡል ቬርን ኔሞ ሰውን ሸሽቶ ባሕር ውስጥ የገባ ቢሆንም ከተጨቆኑት ጋር ያለውን ገመድ አልበጠሰም። በሴሎን (በዛሬዋ ስሪላንካ) ባሕር አንድን ድሃ ሕንዳዊ ዕንቁ ጠላቂ ከሻርክ ያድናል፤ በከረጢት የሞላ ዕንቁም ይሰጠዋል። በመርከቧ ተይዞ የሚጓዘው ፕሮፌሰር አሮናክስ ነገሩን ሲያነሣበት፣ ሰውዬው የተጨቆነ አገር ልጅ መሆኑንና እርሱም እስከ መጨረሻ እስትንፋሱ የዚያው አገር ሰው እንደሆነ ይመልሳል። ከሰመጡ መርከቦች ከሚያወጣው ሀብትም በኦቶማን ቱርክ አገዛዝ ላይ ላመፁት የቀርጤስ ሰዎች ይልካል። ቬርን በመጀመሪያ ያሰበው በሩሲያ ላይ ያመፀ ፖላንዳዊ ሊያደርገው ነበር፤ አሳታሚው ኤትዜል ስለተቃወመ የኔሞ ማንነት ተድበስብሶ ቀረ። በኋላ በወጣው «ምስጢራዊው ደሴት» ግን ሕንዳዊው ልዑል ዳካር፣ እ.ኤ.አ. በ1857 በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ የተነሣው ዓመፀኛ ሆኖ ተገለጠ።

በፊልሙ ይህ ሁሉ የለም። እንግሊዛዊው ጀምስ ሜሰን የሚጫወተው ኔሞ በአንዲት የባሪያ ካምፕ የታሰረ፣ ሚስቱንና ልጁን በግፍ ያጣ ሰው ነው፤ የሚያሰምጣቸውም ለጥይትና ለፈንጂ መሥሪያ የሚውል ጭነት የያዙ መርከቦች ናቸው። ጠላቱ ቅኝ ገዢ መሆኑ ቀርቶ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ሆነ። ይህ ምትክ ባዶ አይደለም። ፊልሙ በወጣበት ዓመት አሜሪካ በኑክሌር ኃይል የሚንቀሳቀስ የመጀመሪያውን ሰርጓጅ መርከብ ባሕር ላይ አውርዳ ስሙንም ናውቲለስ ብላው ነበር፤ ስለዚህ በፍጻሜው የኔሞ ደሴት በአስፈሪ ፍንዳታ ስትወድም ያ ዘመን የራሱን ፍርሃት እያየ ነበር። ፍሌሸርና የፊልሙ ጸሐፊ ስለ ራሳቸው ጊዜ መናገራቸውን አልነቅፍም፤ እንዲያውም የፊልሙ ጥንካሬ እዚያ ላይ ነው።

ነገር ግን ሁለቱ ሐሳቦች አብረው መኖር ይችሉ ነበር። የኔሞ ቁስል የቤተሰቡ ብቻ ሲሆን ቁጣው የግል ቂም ይሆናል፤ ተመልካቹም ያዝንለታል እንጂ ጥያቄ አይቀርብለትም። በስኩዊዱ ፍልሚያም ይኸው ይታያል። በመጽሐፉ ከአሮናክስ ጋር የተያዘውን የዓሣ ነባሪ አዳኝ ኔድ ላንድን ከሞት የሚያተርፈው ኔሞ ነው፤ ከዚያም በደም ተነክሮ ቆሞ ጓደኛውን የዋጠውን ባሕር እያየ ያለቅሳል። በፊልሙ ግን ቦታው ተገልብጦ፣ በከርክ ዳግላስ የሚተወነው ኔድ ኔሞን ያድናል። ጀግናው መርከበኛ ከፍ ሲል ካፒቴኑ ዝቅ አለ፤ በሆሊውድ ልማድ ስሙ የገነነ ተዋናይ መጨረሻ ላይ ማሸነፍ ስላለበት ይሆናል።

ጊዜ አልበቃም የሚለው መከራከሪያም አያሳምነኝም። ፊልሙ ለዳግላስ ዘፈንና ለአንዲት ለማዳ የባሕር አንበሳ ቀልድ ሰፊ ቦታ ሰጥቷል፤ የዕንቁ ጠላቂው ትዕይንት ደግሞ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ባልጠየቀ ነበር።