በርበሬው ለሸተተን ሁሉ

ወገኖቼ፣ ባለፈው ኅዳር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በምኖርበት የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተቃጠለ በርበሬ ሸተተ። ደረጃው ላይ የነበረ ሁሉ አሳለ፤ አንዱ አፍንጫውን በነጠላው ሸፈነ፣ ሌላው መስኮቱን ዘጋ። ወጥ ያረረበት ሰው እንደሌለ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ምክንያቱም ከበሩ ወዲያ፣ «አስተምራታለሁ» ተብሎ ከገጠር የመጣች የዘጠኝ ዓመት ገደማ ልጅ «እትዬ፣ ሁለተኛ አይለመደኝም» እያለች ስትማጸን ይሰማል። መቶ ብር ጠፍቶ ነው የታጠነችው። ለቅሶው ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉም እየሰለለ ሄዶ ቆመ። እኔ በዚያች ሰዓት ጎረቤት ቤት ቶናውን እጠጣ ነበር። ከመካከላችን አንዷ «ልጅ ካልተቀጣ መቼ ሰው ይሆናል?» ስትል፣ እኔም «እውነት ነው» አልኩ።

በሩን የደበደበው የግቢው ዘበኛ ነው። ደመወዙ ከሁላችንም የሚያንሰው ያ አዛውንት፣ ራሷን የሳተችውን ልጅ በጋቢው ጠቅልሎ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሮጥ፣ እኛ ደረጃውን ሞልተን «ውይ፣ ምስኪን!» እንል ነበር። ልጅቱ ተረፈች። በማግስቱ ፖሊስ ምስክር ፍለጋ በየበሩ ሲያንኳኳ ግን፣ ያ ሁሉ ሲያስል የነበረ ሰው ምንም አልሸተተኝም አለ። እኔም ቤት አልነበርኩም ብያለሁ። ይህን ቃሌን ለራሴ ይቅር ማለት አልቻልኩም፤ የእናንተንም ይቅር አልልም።

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 576 በኃላፊነቱ ሥር ያለን ልጅ የሚያንገላታና የሚደበድብ ሰው እንደሚቀጣ ይደነግጋል፤ ከባድ ጉዳት ካልደረሰ በቀር ቅጣቱ ከ3 ወር የማይበልጥ ቀላል እስራት ነው። ማነሱ ያንገበግበኛል። ያቺ ትንሽ ቅጣት እንኳ ግን ምስክር ትሻለች፤ ምስክሮቹ ደግሞ እኛ ነበርን። ሚስት ስትደበደብም ልማዳችን ይኸው ነው፤ ሌሊት የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ እናደርጋለን፣ ሲነጋ ሽማግሌ ሆነን «ቻይው» ልንላት እንሄዳለን።

ዕድራችን ከቀብር የቀረን አባል ይቀጣል፣ ለሞተ ሰው ድንኳን ይተክላል። በሕይወት ያለች ልጅ ስትታጠን ሰምቶ ዝም ያለን ግን ማንም አይጠይቀውም። ሰዎች፣ ይህንንም በመተዳደሪያ ደንባችን እንጻፈው፤ ጩኸት የሰማ በር ያንኳኳ፣ ካልተከፈተለት ለፖሊስ በ991 ይደውል፣ ምስክር ሲፈለግም ስሙን ይስጥ። «ገበና ነው» የምትሉኝ ካላችሁ፣ የሕፃን ሳንባ የማን ገበና ነው?

ከሦስት ሳምንት በፊት ማታ፣ ከአራተኛ ፎቅ የልጅ ጩኸት ሰማሁ። ጉልበቴ እየተብረከረከ ወጣሁ፤ ምን ብዬ እንደማንኳኳ ስላላወቅሁ ስኳር ልበደር ብዬ ባዶ ጣሳ ይዤ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ፣ ያን ቀን ቡና ላይ የተናገረችው ጎረቤቴ ቀድማኝ ቆማለች። ሳንነጋገር አብረን አንኳኳን። አባትየው «ሰላም ነው፣ ምንም የለም» አለን፤ ልጁን በዓይናችን ሳናይ አንሄድም አልን። ከኋላው ብቅ ሲል ጉንጩ ላይ የጣት ምልክት ነበር። ነገሩ በዚያ ማታ አላበቃም፤ እኔና እሷም በየተራ ጆሯችንን ወደዚያ ቤት እንደሰጠን ነው።