ድራማውን ጨርሱልን!

ባለፈው ሳምንት አንድ የተከታታይ ድራማ ፕሮዲዩሰር ሬዲዮ ላይ እንግዳ ሆኖ ቀርቦ ነበር። አድማጮች እየደወሉ አንድ ነገር ጠየቁት። ድራማው መቼ ነው የሚያልቀው? ስፖንሰር እስካለ ይቀጥላል አለ። አልበቃውም። በነጻ የሚያይ ሰው ማጉረምረም የለበትም ብሎ ጨመረበት።

ከነጻው እንጀምር። እዚህ ሐዋሳ ድራማ በነጻ የሚያይ ሰው አላውቅም። ቻናሎቻችን ከናይልሳት ሳተላይት ወደ ኢትዮሳት ሲሄዱ ዲሽ ላዞረልን ልጅ የከፈልነው ከኪሳችን ነው። መብራት ጠፍቶ ያመለጠንን ክፍል ዩቲዩብ ላይ የምናየው ዳታ ገዝተን ነው። ከሁሉም በላይ ማስታወቂያውን ቁጭ ብለን እናያለን። ስፖንሰሩ ገንዘብ የሚያወጣው የአቶቴና የአረብ ሰፈር ሰው ሳሙናውንና ዘይቱን አይቶ እንዲገዛለት ነው። የሚሸጠው የእኛ ዓይን ነው። ዓይናችንን ሸጦ ሲያበቃ በነጻ አያችሁ ማለት ድፍረት ነው።

ሰውየው ተመልካቹን የሚያውቀውም አይመስለኝም። እኛ ጋ ድራማ ለብቻ ተሁኖ አይታይም። ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራራል። በማግስቱ ባጃጅ ውስጥ፣ ሥራ ቦታ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ይወራል። እናቶች ለገጸ ባህሪዋ እንደ ዘመድ ይጨነቃሉ። ታዲያ ዓመት ሙሉ ከተከታተልን በኋላ ዋናዋ ተዋናይ ትጠፋለች። ውጭ አገር ሄደች ይባላል። የልጁ አባት ማን እንደሆነ ሳይነገረን ሌላ አዲስ ቤተሰብ ይገባል። አንድ ቀን ደግሞ ድራማው ራሱ ይቆማል። ይቅርታ የለ፣ ማብራሪያ የለ።

እኛ ተረት እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። አያቶቻችን «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» ብለን ጆሯችንን እንሰጣለን። ሲጨርሱ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላሉ። ዳቦው የሚጠየቀው መቼ እንደሆነ ልብ በሉ። ተረቱ ካለቀ በኋላ ነው። አህያዋንና ጅቡን ወንዝ ዳር አቁሞ ዳቦ አምጡ የሚል ተራኪ ቢኖር ልጆቹ አይለቁትም። የታገሠችው ሴት ትዕግሥቷ ዋጋ ይኑረው አይኑረው የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው። ክፉው ሰው ስለ ክፋቱ ምን እንደከፈለ የሚታወቀውም ያኔ ነው። መጨረሻ በሌለው ታሪክ ውስጥ ምንም ነገር ክብደት የለውም። የሞተው መንታ ወንድም ይገኝለታል፣ የታረቁት ተመልሰው ይጣላሉ። ደራሲው ወዴት እንደሚሄድ ካላወቀ ተዋናዩ ምን ይዞ ይጫወት? ሁሉም ሰው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ስልክ ሲያወራ ክፍሉ የሚያልቀው ለዚህ ነው። የእኛ ድራማ የተዋናይ ችግር የለበትም፣ የካሜራ ችግርም የለበትም። ችግሩ አለማለቁ ብቻ ነው።

ፕሮዲዩሰሩ የአሜሪካኖቹን ተከታታይ ድራማ «ጌም ኦፍ ትሮንስ»ንም ጠቅሷል። ቢያልቅም ሰው ይናደዳል ለማለት ነው። አዎ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የመጨረሻው ሲዝን እንደገና ይሠራልን ብለው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ፈርመዋል። ግን የተናደዱት በ6 ክፍል ተጣድፎ ስላለቀ እንጂ ስላለቀ አይደለም። ሌላውን የአሜሪካ ድራማ «ብሬኪንግ ባድ»ን ለምን አላነሳም? በ62 ክፍል በቃ አሉ። የመጨረሻውን ክፍል በ2013 እ.ኤ.አ. ሲተላለፍ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው አየው። ከዚያ በፊት ያን ያህል ተመልካች አግኝቶ አያውቅም። ገበያው በደራበት ሰዓት ነው የዘጉት።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲመጣ የቱርክ ድራማ በአማርኛ እያወራ ቤታችን ገባ። የእኛዎቹ ባለሙያዎች የባህል ወረራ ነው ብለው ጮኹ። የቱርክ ድራማ አጭር ሆኖ አይደለም። አገሩ ላይ አንዱ ክፍል 2 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሄዳል፣ ለውጭ ሲሸጥ ነው የሚቆራረጠው። ግን ያልቃል። ሠርጉም ቀብሩም ይታያል። ተመልካቹን የወሰደብን የተዋናዮቹ መልክና የቤታቸው ዕቃ ነው ሲሉ ከረሙ፤ ማለቁን ግን ማንም አላነሳም።

ዩቲዩብ ላይ ያለውማ ይብሳል። ፎቶው ላይ በትልቁ «የመጨረሻው ክፍል» ይላል። ትከፍተዋለህ። መጨረሻው ላይ «ይቀጥላል» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ይህ ውሸት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ድራማው ሲጀመር ስንት ክፍል እንደሆነ ይነገረን። ከተራዘመም እስከ ስንት እንደሆነ ይነገረን። ተዋናይት ሥራውን ከተወች ገጸ ባህሪዋ የት እንደደረሰች ይታይ። ስፖንሰሮችም ውል ሲፈርሙ የመጨረሻውን ክፍል ወጪ ከመጀመሪያው ለይተው ያስቀምጡ። ገንዘቡ ሲያልቅ ሁልጊዜ የሚቀረው እሱ ነው።