«ታይፎይዴ ተነሳብኝ»

እኛ አገር ታይፎይድ ይዞት የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ራሳችሁን አሟችሁ ትንሽ ካተኮሳችሁ ካርድ ታወጣላችሁ፣ ደም ትሰጣላችሁ፣ ኮሪደር ላይ ትንሽ ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ትባላላችሁ። ሁለቱም ባንዴ! ሲፕሮ የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይዞ ወደ ቤት። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ «ታይፎይዴ ተነሳብኝ» ብሎ መመለስ ነው፤ ልክ እንደ ጨጓራ አብሮን የሚኖር አስመስለነዋል።

እህቴ ባንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ «ታይፎይድ ነው» ተብላለች። ማታ ማታ ያልባት ነበር፣ ልብሷ ሰፍቷት ነበር። ሲፕሮ ስትጀምር ለጥቂት ቀን ሻል ይላታል፣ ከዚያ ያው። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም የደረት ራጅና የአክታ ምርመራ አዘዘችላት። ቲቢ ነበር! ሻል ማለቷም ዝም ብሎ አልነበረም፤ ሲፕሮና ዘመዶቹ የቲቢን ባክቴሪያ ለጊዜው ጫን ያደርጉታል፣ አያድኑም ግን ይደብቁታል።

ክሊኒኮቹን ተሳድቤ ብገላገል ደስ ባለኝ። ችግሩ ግን ምርመራው ላይም ነው። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ የ1896 ነው፣ ፈረንጆቹ በሚቆጥሩት፤ አድዋ ላይ በተዋጋንበት ዓመት ማለት ነው። ባክቴሪያውን አይፈልግም፣ ሰውነታችን በሽታውን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው የሚያየው። አንቲቦዲው ደግሞ ከዳንን በኋላም ለወራት ይቆያል፤ የታይፎይዱ ባክቴሪያ ዘመድ የሆነ ሌላ ዓይነት ሳልሞኔላም፣ ወባም ውጤቱን ሊያሳስተው ይችላል። የታይፈሱ ምርመራ፣ ዌል ፌሊክስ የሚባለው፣ ይብሳል። እሱ የሚሠራው በታይፈስ ተህዋስ ሳይሆን ፕሮቲየስ በሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው፣ በከፊል ስለሚመሳሰሉ ብቻ። በወረርሽኝ የሚታወቀው ታይፈስ እኮ የሚተላለፈው በቅማል ነው፤ ቅማል በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የኮንዶሚኒየም ልጅ «ታይፈስ አለብህ» ሲባል እንዴት ዝም ብሎ ይቀበላል?

ይህን የሚያሳይ ጥናት የለም እንዳይባል፣ አለ። በ2014 በውጭ አቆጣጠር የታተመ አንድ የአዲስ አበባ ጥናት ታይፎይድ የሚመስል ትኩሳት ያለባቸውን 270 ታካሚዎች በዊዳልም በደም ካልቸርም፣ ማለትም ደሙ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ራሱን አሳድጎ በማየት፣ መረመረ። በዊዳል ሲሶ ያህሉ «አለባቸው» ተባሉ። በካልቸር የታይፎይድ ባክቴሪያ የተገኘባቸው 4 ናቸው። ካልቸርም ይስታል፣ ከታማሚዎቹ ግማሽ የሚጠጋውን ሊያመልጠው ይችላል። እሺ፣ እጥፍ እናድርገው፣ 8 ይሁኑ። ከዘጠና ሰው ጋር ምን ያገናኘዋል?

አጥኚዎቻችን ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ውጤቱ ግን ደም ወደምንሰጥበት ክፍል አልደረሰም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ዊዳል ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል፤ ካልቸር ቀናት ይፈጃል፣ ዕቃውም ባለሙያውም እንደ ልብ አይገኝም። እኛም አለንበት። «ምንም አልተገኘብህም» የተባለ ሰው «እነዚህ አያውቁም» ብሎ ቀጥሎ ያለው ክሊኒክ ይገባል፣ እዚያ ስም ይሰጡታል፣ ደስ ብሎት ይወጣል። ባለሙያውም ይህን ያውቃል።

እኔ የምለው፣ አንዲት የዊዳል ወረቀት ብቻ ታይቶ ሲፕሮ መታዘዙ ይቁም። ከጤና ሚኒስቴር በኩል ጠንከር ያለ ቃል ቢመጣ፣ ቢያንስ ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ካልቸር ሳይቋረጥ ቢሠሩ፣ ትኩሳቱና ላቡ የሰነበተበት ሰው ደግሞ ቲቢ ሳይታይ ወደ ቤት ባይላክ። ሲፕሮ እንደ ከረሜላ ሲበላ ባክቴሪያዎቹ እየለመዱት ነው፤ እውነተኛው ታይፎይድ ሲመጣ በምን ልንታከም ነው?

ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ይዞኝ ተኝቼ እህቴ ደወለች። ድምፄን ገና ስትሰማ ያለችኝ «ታይፎይድ ታየህ?» ነው።