በእንግሊዝኛ «ራን» ማለት ሮጠ ነው ብላችሁ ያስተማራችሁኝ፣ ኑና ጉዴን እዩ

ጅማ፣ መርካቶ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው። ዝናብ ይዞኛል። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ብዬ ያስተኮስኩት ሱሪ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ባጃጅ ረጭቶኝ አለፈ፣ ዞር ብሎም አላየኝ። ይሁን። የዛሬው ውርደት ከጭቃ ያልፋል።

12 ዓመት የቡና መጋዘን ይዤ ኖሬያለሁ። ጀንፈል (ያልተፈለፈለ ቡና) በእጄ ዘግኜ መድረቅ አለመድረቁን እናገራለሁ። ስለ ቡና ይጠይቁኛል ብዬ ሌሊቱን ስዘጋጅ አደርኩ፤ ፈረሱላ ስንት ኪሎ ነው ሲሉኝ 17 ብዬ ልመልስ። ማን ጠይቆኝ! ጠያቂው ታናሽ ወንድሜ የሚሆን ልጅ ነው፣ ያውም «አንተ» ይለኛል። ሁለታችንም አማርኛም አፋን ኦሮሞም እየቻልን «ሃቭ ዩ ኤቨር ራን ኤ ዌርሃውስ?» አለኝ።

ራን! ሦስተኛ ክፍል በአለንጋ የገባችልኝ ቃል። ዌርሃውስንም አውቃለሁ፣ እንጀራዬ ነው። «መጋዘን ውስጥ ሮጠህ ታውቃለህ?» ማለቱ መሰለኝ። የአደጋ ጥንቃቄ ጥያቄ ነው፣ ሊያጠምደኝ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁና «ኖ ሰር፣ ኔቨር! አይ ዎክ» አልኩት።

ሦስቱም ጠያቂዎች ሳቁ። አንዷማ እንባዋን ጠረገች። ልጁ ግን አልበቃውም፤ «መጋዘን አስተዳድረህ ታውቃለህ ወይ ነው ያልኩህ፤ ለኦሊምፒክ ነው እንዴ የመጣኸው?» አለኝ። በአማርኛ! ለካ አማርኛ ነበረው! ለስድብ የወጣ አማርኛ ለጥያቄው ምን ከለከለው?

እዚሁ ቆሜ ለልጄ ደወልኩ። እሷም ሳቀች፣ ከዚያ «አባዬ፣ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ለዚህ ግሥ ብቻ 645 ትርጉም ቆጥረውለታል» አለችኝ። ስድስት መቶ አርባ አምስት! አፍንጫ ይሮጣል፣ ወንዝ ይሮጣል፣ ሞተር ይሮጣል፣ ሹራብ ሲታጠብ ቀለሙ ይሮጣል፣ ለምርጫ የሚወዳደርም ይሮጣል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ፈረንጆቹን በባዶ እግሩ ያሸነፋቸው በአንዱ ትርጉም ብቻ ነው ለካ፤ በ644ቱ እስከ ዛሬ ይቀድሙናል።

ባለፈው ዓመትም ይኸው ቃል ጉድ ሠርቶኛል፤ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ። አንድ ፈረንጅ ገዢ ከረጢቱን እያራገፈ «ዊ ራን አውት» ሲል፣ ማን ሮጦ ወጣ ብዬ በር ድረስ ሄጄ አይቻለሁ። የናሙና ከረጢት አልቆበት ኖሯል።

ለነገሩ እኛስ? ዝናብ ይዞኛል፣ ጉንፋን ሊይዘኝ ነው፣ በልጁ ቂም ይዣለሁ፣ መጋዘን ይዤ ኖሬያለሁ። እኛ የምንይዘውን መጋዘን እነሱ ይሮጡታል፤ ይህንን ከየት ልወቅ? ፈረንጅ «ያዘ»ን ቢደናገር እኔ ስቄበት አላውቅም። (እሺ፣ አንድ ጊዜ ስቄያለሁ። ቡና ግን ጋብዤዋለሁ። እነዚህ ውኃ እንኳ አላሉኝም።)

«እንደውልልሃለን» ብለውኛል። የስልኬ ባትሪ 6 በመቶ ነው። ባለባጃጁ ደግሞ ዝናቡን አይቶ እስከ ጅሬን እጥፍ ካልከፈልክ አልነቃነቅም ይላል። ቤት ስገባ ባለቤቴ «እንዴት ነበር?» ትለኛለች። ደኅና ነበር እላለሁ።